መድኃኒቱን ጻፍን፣ በሽተኛውን አልጻፍንም

ነሐሴ 22 ቀን 1967 ዓ.ም. የመንግሥት ሬዲዮ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዋዜማው እንዳረፉ ተናገረ። በምክንያትነት የተጠቀሰው የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ያስከተለው ጣጣ ነበር። የግል ሐኪማቸው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ግን ከቀዶ ሕክምናው የመጣ ጣጣ የለም ብለው መግለጫውን አልተቀበሉትም። አስከሬኑ ለሕዝብ አልታየም፤ ሥርዓተ ቀብርም በጊዜው አልተፈጸመም። ዐፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ የወጣው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው።

ደብረ ማርቆስ ይህን ወሬ እንደ ሩቅ አገር ወሬ አልሰማችውም። ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. የገቡት እዚሁ ነው፤ አዲስ አበባ የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ በዚያ ሰሞን ጀማሪ ድሬሰር ነበርሁ። ቁስል ለማሳጠብ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ “ልጄ፣ ጃንሆይን ገደለ የሚሉት ይህ ፕሮስቴት ምንድን ነው?” ሲሉ ጠየቁኝ። ከሽንት ፊኛ ሥር ያለች እጢ መሆኗን፣ ወንድ ሲያረጅ እያደገች የሽንቱን መንገድ እንደምታጠብ እንደ አቅሜ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው “ይህማ ሽንተ ማጥ ነው፤ አባቴንም የበላው እሱ ነው” አሉኝ።

አባታቸው በስንት ዓመታቸው ታመሙ? ስንት ቀን ተሠቃዩ? ምን ተደረገላቸው? ልጃቸው ከሚያስታውሱት በቀር የተጻፈ ነገር የለም። ኋላ ከድሬሰርነት ወደ ካርድ ክፍል ተዛውሬ እስከ ጡረታዬ በምሥራቅ ጎጃም ጤና ተቋማት መዝገብ ስይዝ ስለኖርሁ፣ የኩላሊት ጠጠርንም፣ የፕሮስቴትን ማበጥንም፣ የኩላሊት ዕጢንም የማየው በዚያ ዓይን ነው። የእነዚህ በሽታዎች ታሪክ በአገራችን የመድኃኒት እጦት ታሪክ ብቻ አይደለም። የመዝገብ እጦት ታሪክም ነው።

ጎጃምን መጽሐፍ አልነበረውም ብሎ የሚያማ አይገኝም። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ወርቅ ሲባል ቅኔውና ትርጓሜው አብሮ ይነሣል። ከዚያ ትልቅ መጽሐፍ ጎን ደግሞ የማይታይ ትንሽ መጽሐፍ ነበር፤ የደብተራው የመድኃኒት መጽሐፍ። ለባዕድ ይቅርና ለገዛ ልጅም ቶሎ አይገለጥም። የአጎቴን ያየሁት እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። ብራናው በጭስ ጠቁሯል፣ ጠርዙ በጣት ብዛት ወዝቷል። የበሽታው ስም በቀይ፣ መድኃኒቱ በጥቁር ቀለም ተጽፏል። ከራስ ምታት ይጀምርና ወደ ጎን ውጋት ይወርዳል፤ ከዚያ ሽንተ ማጥ ይመጣል። ሥሩ ጎሕ ሳይቀድ፣ ሰው ሳያናግሩ ይማሳል፤ ይወቀጣል፤ በጠላ ወይም በማር ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። በኅዳጉ ላይ በሌላ እጅ ጽሕፈት ሌላ ዕፅ ተጨምሯል፤ ምናልባት የፊተኛው አልሠራ ብሎ ይሆናል። ማን ጠጥቶት እንደዳነ፣ ማን ጠጥቶት እንደሞተ ግን አንድ መስመር የለም።

የአጎቴ መጽሐፍ ብቻውን አይደለም። የፖላንዱ ሊቅ ስቴፋን ስትረልሲን እንዲህ ያሉ የግእዝና የአማርኛ የመድኃኒት ጽሑፎችን ሰብስቦ ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር አሳትሟል፤ የመጀመሪያው ቅጽ በ1968 እ.ኤ.አ. ዋርሶ ላይ፣ ሁለተኛው በ1973 እ.ኤ.አ. ኔፕልስ ላይ ወጣ። ሪቻርድ ፓንክረስትም የኢትዮጵያን የሕክምና ታሪክ በ1990 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አውጥተዋል። እነዚህን ያነበበ ሰው አያቶቻችን በሽታን በስሙ ለይተው እንደሚያውቁና ለእያንዳንዱ የሚሉት እንዳላቸው ያያል። የጎደለው የበሽተኛው ወሬ ነው።

ይህ ጉድለት ምን ያደርጋል ቢሉ፣ ከኩላሊት ጠጠር የተሻለ ምስክር የለም። ጠጠሩ ከኩላሊት ወርዶ በቀጭኑ ቱቦ ሲያልፍ ሕመሙ ይነሣል፣ ይተዋል፣ እንደገና ይነሣል፤ ጎልማሳ ሰው መሬት ላይ ያንከባልላል። በቤት የገብስ ውሃ ይጠጣል፣ ተልባና አብሽ ይበጠበጣል፣ ሰርዶ ይቀቀላል፣ ጎኑን ዋግምት ይታገማል፣ ፀበል ይወሰዳል። ከ5 ሚሊ ሜትር የሚያንሰው ጠጠር ግን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ወጥቶ ይሄዳል። እንግዲህ በዚያ ሳምንት የተጠጣው ሁሉ “ፈውስ” ተብሎ ይመሰገናል። በእርግጥ ውሃ መጠጣቱ ይጠቅማል፤ ሽንት ሲቀጥን ጠጠር የሚሠራው ጨው አይረጋም። ነገር ግን ገብሱ ነው፣ ሰርዶው ነው፣ ወይስ ውሃው ብቻ ነው? ይህን ለማወቅ የጠጡትንም ያልጠጡትንም መጻፍ፣ የዳኑትንም ያልዳኑትንም መቁጠር ያስፈልግ ነበር። ያን ያደረገ ደብተራ አልነበረም። ትልቁ ጠጠር ኩላሊቱን ዘግቶ የሞተው ሰው “ቀኑ ደርሶ ነው” ተባለ፤ መድኃኒቱም ስሙ ሳይጎድፍ ቆየ።

በሌላውም ዓለም ቢሆን ነገሩ ቶሎ አልተፈታም። በሂፖክራተስ ስም የሚጠራው የጥንት ግሪኮች የሐኪም መሐላ ጠጠር ለማውጣት በቢላ መቁረጥን ይከለክላል፤ ሥራው ለባለሙያዎቹ ይተው ይላል። በአውሮፓ ከመንደር መንደር እየዞሩ የፊኛ ጠጠር የሚያወጡ ቆራጮች ነበሩ፤ የሚድነው ይድናል፣ የሚሞተው ሲሞት እነሱ ሌላ ከተማ ደርሰዋል። የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምናም ታሪኩ ደስ ይላል። የኒው ዮርኩ ዩጂን ፉለር ያበጠውን እጢ በፊኛ በኩል ገብቶ በጣቱ ፈልፍሎ አወጣና በ1895 እ.ኤ.አ. ስድስት በሽተኞችን ጠቅሶ ጻፈ። ፒተር ፍሬየር የሚባል፣ በህንድ የእንግሊዝ ሠራዊት ሐኪም ሆኖ ሃያ ዓመት ገደማ ያገለገለ አየርላንዳዊ ደግሞ ያንኑ የመሰለ ሥራ ለንደን ላይ በታኅሣሥ 1900 እ.ኤ.አ. ጀመረ። ቀድሞ የሠራው ፉለር ነው፤ ስሙ የገነነው ግን ፍሬየር ነው። ፉለርም ቅሬታውን በይፋ አሰምቷል። የፍሬየር ብልሃት ከቢላው ይልቅ በብዕሩ ነበር። የበሽተኞቹን ዕድሜ፣ የወጣውን እጢ ክብደት፣ የዳነውንና የሞተውን እየቆጠረ በየጊዜው አሳተመ፤ በ1912 እ.ኤ.አ. የአንድ ሺህ በሽተኞች ዘገባ አወጣ። ሺህ ሰው ቆጥሮ የመጣን ሐኪም “እስኪ እንይ” የማይል የለም።

ፍሬየር ሥራውን በጀመረባት በዚያች 1893 ዓ.ም.፣ በጥር ወር፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አረፉ። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ የቆረቆሯትን መንቆረርን ደብረ ማርቆስ ያሰኙ፣ የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ እሳቸው ናቸው። በዚያን ጊዜ በጎጃም ሽንቱ የተዘጋበት ሰው ቢላ የያዘ ሐኪም ለማግኘት የት ይሄዳል? አዲስ አበባ ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ሥራ ጀምረው ነበር፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ከዚያ ጥቂት ዘግይቶ ተከፈተ። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መካከሉ ላይ ከደጀን በታች የዐባይ በረሃ አለ፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መውጣት ነው። ነጋዴ በበቅሎ ይወጣዋል። ፊኛው እስከ እምብርቱ የተወጠረ ሽማግሌ ግን በቃሬዛም አይወጣውም። ሽንት ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ኩላሊት የሚታገሠው ጥቂት ቀን ነው፤ ከዚያ ሆድ ይነፋል፣ ትውከት ይመጣል፣ አእምሮ ይስታል። ጣልያን መንገዱን ጠርጎ ድልድይ ከሠራ በኋላ፣ ኋላም የጭነት መኪና ሲበዛ ነው አዲስ አበባ ለማርቆስ ሽማግሌ የተቃረበችው። ዛሬ የምንሻገርበት በጃፓን እርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ የተመረቀው በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

ሌላም ገደል ነበር፤ ነውር የሚሉት። ወንድ ልጅ ጦር ወጋኝ ይላል፣ ጥይት መታኝ ይላል፤ ሽንት አቃተኝ ለማለት ግን ከንፈሩ አይላቀቅም። ሽንተ ማጥ ከጨብጥ ጋር ስለሚዛመድ አፉን ከከፈተ ስሙ ይጠፋል። እውነትም ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሳይስፋፋ በፊት ያልታከመ ጨብጥ የሽንት ቱቦን እያጠበበ ስንቱን ወጣት እንደ ሽማግሌ ሲያስምጥ ኖሯል። ሽማግሌውም በዕድሜ የመጣበትን እጢ የወጣትነት ኃጢአት እንዳያስመስሉበት ይደብቀዋል። ሌሊት አሥር ጊዜ እየተነሣ ከቤት ሲወጣ “ከብት ላይ” ይላል። ለሚስቱ እንኳ የሚነግራት ሲጠናበት ነው።

በ1970ዎቹ ካየኋቸው አንዱን ላንሣ። ከጮቄ ሥር ካለ ቀበሌ ጎረምሶች በቃሬዛ አመጧቸው። ሆዳቸው ነፍሰ ጡር መስሏል። ዕድሜያቸውን ስጠይቅ “ዘውዲቱ ሲነግሡ እረኛ ነበርሁ” አሉኝ። እሱን ይዤ አስቤ “70 ገደማ” ብዬ ጻፍሁ፤ በዚያን ጊዜ የገጠር ሰው ዕድሜ የሚሰላው በንግሥ፣ በጣልያን መግባትና በአንበጣ ነበር። ነርሱ ቀዩን የጎማ ቱቦ ከፈላው ውሃ አውጥቶ ቫዝሊን ቀባና ቀስ አድርጎ አስገባው። መጀመሪያ ትንሽ ደም ታየ፣ ቀጥሎ ሽንቱ ባልዲው ውስጥ መውረድ ጀመረ። ነርሱ ፊኛው ባንድ ጊዜ ባዶ እንዳይሆን ቱቦውን በየመካከሉ እየቆለፈ ያሳርፋቸው ነበር። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው “እሰይ፣ እሰይ፣ ተመስገን” ይላሉ። ልጃቸው የነርሱን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል አያቱ የሚሆኑ ሌላ በሽተኛ ከአልጋቸው ላይ ሆነው “አንተ፣ ቱቦው እንዳይነካ!” ብለው ተቆጡት።

መዝገቡ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ የበሽታው ዓይነት፣ የተደረገለት፣ ውጤት የሚል ዓምድ አለ። በውጤት ዓምድ “ተሻለው፤ ሪፈር” ብዬ ጻፍሁ። ሪፈር ማለት ወደ አዲስ አበባ ሄደው እጢው በቀዶ ይውጣላቸው ማለት ነው። ለመንገድና ለመኝታ በሬ መሸጥ ነበረባቸው። ሸጡ? ሄዱ? ተቀደዱ? ወይስ ቱቦው ወልቆ በወሩ እንደገና ተዘጋባቸው? መዝገቡ “ሪፈር” ላይ ይቆማል። የአጎቴን ብራና ሳነብ የተበሳጨሁበት ነገር በራሴ እጅ ጽሕፈት ፊቴ ቆሞ ነበር፤ በሽታው አለ፣ የተደረገው አለ፣ የሰውየው መጨረሻ የለም። ላኪው ተቋም ስለላከው ሰው መልስ የሚያገኝበት ሥርዓት አልነበረም።

አዲስ አበባ ላይ በዚሁ ዘመን የምርምሩ ሥራ መሠረት ይዞ ነበር። የሕክምና ፋኩልቲው በ1956 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ፕሮፌሰር አሥራት ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር መጽሔት መታተም ጀምሯል። ቀዶ ሐኪሞች የየሆስፒታላቸውን መዝገብ ገልጠው ይህን ያህል ጠጠር አወጣን፣ ይህን ያህል ፕሮስቴት ቀደድን፣ ይህን ያህሉ ሞተብን ማለት የለመዱት በእንዲህ ያለ መጽሔት ነው። በመላው አገሪቱ ክሊኒካዊ ምርምር የሚባለው ነገር አብዛኛው እንዲህ ነው የተጀመረው፤ አቧራ የለበሰ መዝገብ በመግለጥ።

ሕክምናውም እየተራቀቀ ሄደ፤ በ1972 ዓ.ም. ሙኒክ ከተማ ክርስቲያን ሾሲና ባልደረቦቹ በአውሮፕላን ሠሪው ዶርኒየር ኩባንያ በተሠራ መሣሪያ የኩላሊት ጠጠርን ያለ ቢላ በኃይለኛ የግፊት ሞገድ ሰበሩ። ፕሮስቴትም ዛሬ ሆድ ሳይከፈት በሽንት መንገድ በሚገባ መሣሪያ እየተላጠ ይወጣል፤ ቀደም ብሎ ለመጣውም የሚዋጥ መድኃኒት አለ። ጎጃሜም ለዚህ ሁሉ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ይመላለሳል። በካርድ ክፍል መስኮት በኩል ካየሁት አንድ ነገር ልናገር። ሰሊጥ ለማጨድ መተማና ሁመራ የሚወርዱ ወጣቶች ሲመለሱ ከወባው ሌላ ጎን ውጋት ይዘው የሚመጡ አሉ። የደጋ ልጅ ቆላ ወርዶ ሲያልበው፣ ውሃም ሲቸግረው፣ ሽንቱ ይወፍራል፤ ጠጠር የሚረጋው በእንዲህ ያለ ሽንት ነው። ካርዱ ላይ ግን “ገበሬ” እንጂ “ሁመራ ከርሞ የመጣ” ተብሎ አይጻፍም። ስለዚህ ከካርዱ ተነሥቶ ይህን ሊያረጋግጥ የሚችል ተማሪ የለም። አንዲት ጥያቄ ብትጨመር ግን ይቻል ነበር።

የኩላሊት ዕጢ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሳያም ያድጋልና። ትልቅ ሰው ሽንቱ ደም ሲቀላቅል አይቶ ሕመም ስለሌለው ይተወዋል። በሕፃን ላይ ደግሞ እናት ልጇን ስታጥብ ሆዱ ላይ ጠጣር ነገር ትዳስሳለች። ቆላ ለሚያውቅ አገር ሆድ ላይ ያበጠ ነገር ጣፊያ ነው፤ ጣፊያ ከሆነ ደግሞ ይተኮሳል። ሆስፒታል ሲደርስ እብጠቱ ከሆዱ እኩሌታ አልፎ፣ ቆዳው በፍም ጠባሳ ተሞልቶ ነው። ብዙውን ጊዜ ይህ የሕፃናት የኩላሊት ዕጢ፣ በጀርመናዊው ሐኪም ስም ዊልምስ የሚባለው ነው። የዚህ ዕጢ ታሪክ ለመዝገብ ወዳጆች ትልቅ ክርክር ይዘጋል። ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ፣ ጥቂት ቆይቶም የአውሮፓ ሐኪሞች አንድ ሆስፒታል በዓመት የሚያያቸው ሕፃናት ጥቂት መሆናቸውን አይተው መዝገባቸውን አንድ አደረጉ። የየትኛው ሕፃን ዕጢ በቀዶ ብቻ፣ የየትኛው በመድኃኒት፣ የየትኛው በጨረር እንደተመለሰ እያነጻጸሩ ሄዱ። ያለ ቀዶና ያለ መድኃኒት ገዳይ የነበረው ዕጢ ዛሬ በበለጸጉ አገሮች ከአሥር ሕፃናት ዘጠኙ ያህል ይድኑበታል። ይህ ለውጥ ከአዲስ ምሥጢር ብቻ አልመጣም፤ ከተደመረ መዝገብም ነው።

እኛም ጀምረናል። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ከመስከረም 2004 ዓ.ም. ወዲህ የከተማይቱን ነዋሪዎች እየቆጠረ ነው፤ የጮቄ ገበሬ ግን የከተማይቱ ነዋሪ አይደለም። ቅርባችን ያለውን ደግ ምሳሌ ከሴቶች እናገኛለን። ረጅም ምጥ ፊኛቸውን ቀድዶ ሽንት የሚያመልጣቸውን እናቶች ለማከም ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን በ1951 ዓ.ም. ከአውስትራሊያ መጡ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የፊስቱላ ሆስፒታል አቋቋሙ፤ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ባሕር ዳር ላይ ማዕከል ተከፈተ። የጎጃም ሴት ዐባይን ሳትሻገር የሽንት መንገዷን የሚጠግን ሙያተኛ ያገኘችበት ነው። ከወንዶቹ ይልቅ የከፋ ነውር የተሸከሙት እነዚህ ሴቶች ናቸው፤ ይሁን እንጂ በሽታቸው በስሙ ተጠርቶ፣ ተቆጥሮ፣ ታክሞ፣ ዓለም አወቀው። የተቆጠረ በሽታ ወዳጅ ያገኛል፣ ገንዘብ ያገኛል፣ ሐኪም ያገኛል።

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ የጤና ተማሪዎች ለመመረቂያቸው ካርድ ፍለጋ ይመጡ ነበር። ጎበዞች ናቸው። ከመደርደሪያ ያወረዱትን ሲገልጡ ግን አንዱ ካርድ ዕድሜ የለውም፣ ሌላው የደም ምርመራው ወረቀት ወድቋል፣ የብዙዎቹ መጨረሻ “ሪፈር” ነው። ያላሰለሰ ጥረታቸው “መረጃው ያልተሟላ በመሆኑ ከጥናቱ ወጥቷል” በሚል መስመር ያልቃል። ስንፍናው የነሱ አይደለም። መዝገብ ያዥን የመጨረሻ ደመወዝተኛ፣ ካርድ ክፍልን የሆስፒታል ጓዳ አድርጎ የኖረ አሠራር ነው።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። ሐኪም ሆይ፣ ወደ አዲስ አበባ የላክኸውን ሰው መጨረሻ ጠይቅ፤ ዛሬ ስልክ በየእጃችን አለ፣ ቁጥሩን ካርዱ ላይ ጻፍ። መድኃኒት አዋቂ የሆንህ ወንድሜ፣ ዕፁን ከነምሥጢሩ ያዘው፤ ነገር ግን ማን ጠጣው፣ ምን ሆነ የሚለውን በደብተር አስፍር፣ ያኔ እውቀትህ ካንተ ጋር አይቀበርም። አንተም ሌሊት ከቤት ስትወጣ ስትገባ የምታድረው አባት፣ ሽንትህ ሲያስቸግርህ፣ ይልቁንም ደም ስታይበት፣ ሳትውል ሳታድር ሂድ፤ ዕድሜህን ሲጠይቁህም በደንብ አስበህ ተናገር። የሚጻፈው ላንተ ብቻ ሳይሆን ከኋላህ ለሚመጣው ነው።